ለሚማር ልጅ የሚዋጣ ገንዘብ መዝገብ ይኑረው

ነጋዴ ከመሳቢያው የሚወጣውን ገንዘብ ሁሉ በመዝገብ ይጽፋል። የሱቁ ኪራይ፥ የጫኝና አውራጁ ዋጋ፥ የዘበኛው ደመወዝ፥ ግብሩም ሳይቀር በየረድፉ ይሰፍራል። ሳይጻፍ የሚወጣ አንድ ወጪ ግን አለ። እርሱም ከውጭ አገር ትምህርት ቤት የመጣለትን የጥሪ ደብዳቤ ይዞ፥ ከአባቱ ወይም ከመምህሩ ጋር ከሱቅ ወደ ሱቅ እየዞረ ርዳታ ለሚጠይቅ ወጣት የምንሰጠው ገንዘብ ነው። አንዱ መቶ ብር፥ አንዱ አምስት መቶ ብር ይሰጣል፤ አንዱ «ነገ ተመለስ» ይላል፤ ሌላውም ደብዳቤውን ሳያነብ ያሰናብተዋል። ልጁ በመጨረሻ ምን ያህል እንዳገኘ፥ ምን ያህል እንደጎደለው፥ መሄድ አለመሄዱንም የሰጠው ሰው ሳያውቅ ይቀራል።

ይህን የምንጽፈው የነጋዴውን ልግስና ለመንቀፍ አይደለም። ልግስናው አልጎደለም፤ የጎደለው ሥርዓት ነው። የምናቀርበውም ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ወጣት የሚደረገው ርዳታ ከምጽዋት ደረጃ ወጥቶ፥ እኛው በየዕለቱ በምንሠራበት በንግድ ልማድ፥ በሰነድና በሒሳብ እንዲመራ ነው።

ነገሩ በግልጽ እንዲታይ በወላይታ የኦፋ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ገሱባን ምሳሌ አድርገን እንውሰድ። የወላይታ ገበሬ ጥሪቱ በጓሮው እንሰት፥ በቡናው፥ በቦይናውና በሚያደልበው በሬ ላይ ነው። ይህ ጥሪት ቤተ ሰቡን የሚመግብና ለክፉ ቀን የሚጠበቅ ነው እንጂ በዶላር ለሚጠየቅና በተቀጠረ ቀን መከፈል ላለበት ሒሳብ ፈጥኖ የሚደርስ አይደለም። እንግዲህ ከዚህች ከተማ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ተወዳድራ ሙሉ ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘች እንበል። «ሙሉ» የሚለው ቃል የወላጆቿን ልብ ያሳርፋል። ነገር ግን ደብዳቤው በጥንቃቄ ሲነበብ ሙሉ የተባለው የትምህርቱ ዋጋ፥ መኝታውና ቀለቡ ሆኖ ይገኛል። ከገሱባ ተነሥታ እዚያ እስክትደርስ ያለው ወጪ ግን ብዙ ጊዜ የራሷ ዕዳ ነው።

ይህም ወጪ ቀላል አይደለም። የፓስፖርት መደበኛ ክፍያ በ2016 ዓ.ም. ክረምት 5,000 ብር ሆኗል። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ተማሪ ለቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር፥ ለተማሪዎች መመዝገቢያ ደግሞ 350 ዶላር ይከፍላል፤ በድምሩ 535 ዶላር መሆኑ ነው። የማመልከቻው ገንዘብ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። የቋንቋ ፈተናው፥ የሕክምና ምርመራው፥ የሰነድ ማረጋገጫው፥ አንዳንድ ጊዜም የአውሮፕላኑ ቲኬት ከዚህ በላይ ነው። ኤምባሲዎቹ የሚገኙት በአዲስ አበባ ስለ ሆነ፥ ልጅቷና አሳዳጊዋ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን መንገድ ደጋግመው መመላለስ ይኖርባቸዋል።

የምንዛሪውን ነገር ለአስመጪ ማስረዳት አያስፈልግም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከመወሰኑ በፊት አንዱ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ሒሳብ 535 ዶላር 30,495 ብር ይሆን ነበር። አንዱ ዶላር በ150 ብር ቢታሰብ ግን ያው ገንዘብ 80,250 ብር ይሆናል። አስመጪው ልዩነቱን በዕቃው ዋጋ ላይ ጨምሮ ከገዢው ይቀበላል፤ የገበሬ ልጅ ግን የምትጨምርበት ዕቃ የላትም። ዕቁብ ቢኖራቸውም ዕጣው የሚወጣው በራሱ ተራ እንጂ ቪዛ በተቀጠረበት ቀን አይደለም። እንዲህ ሆኖ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ዕድል ከጥቂት መቶ ዶላር ጉድለት የተነሣ ሊቀር ይችላል። በንግድ ቋንቋ ብንናገረው፥ ዋጋው ተከፍሎ ያለቀ ዕቃ ለማጓጓዣ በጠፋ ገንዘብ መጋዘን ውስጥ ሲበላሽ እንደ ማየት ነው።

ከዚህም ጋር እንዲህ ያለው ተማሪ እንደ ልብ የሚገኝ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ የማለፊያውን ነጥብ ያገኙት 3.3 ከመቶ፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ዘመን ከአንድ የወረዳ ከተማ ተነሥቶ ከዓለም ተማሪዎች ጋር ተወዳድሮ የሚያሸንፍ ልጅ የአካባቢው ሁሉ ሀብት ነው።

በቀድሞው ዘመን ተማሪን ወደ ውጭ የመላክ ዕዳ የመንግሥት፥ የሚሲዮን ወይም የመኳንንቱ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ተምረው ተመለሱ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኑ፤ በ1950 ዓ.ም. ምርጫም ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዪቱ ሴት ለመሆን በቁ። ከወላይታም ብንጠቅስ፥ በቦሎሶ ሶሬ የተወለዱት አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ በፊንላንድ አገር በታምፔሬ ተምረው ተመለሱ፤ በአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ዲን ሆነው አገለገሉ፤ ከ2005 እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስም የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ።

መንግሥት ያልከፈለውን ሕዝብ ተባብሮ ሊከፍለው እንደሚችል ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያ አሳይታናለች። በእ.ኤ.አ. 1959 ቶም ምቦያ የተባለው የሠራተኞች ማኅበር መሪ ባስተባበረው ጥረት 81 ተማሪዎች በአንድ አውሮፕላን ወደ አሜሪካ ሄዱ። ትምህርት ቤቶቹ ነጻ ቦታ ሲሰጡ፥ የመሳፈሪያው ገንዘብ በአሜሪካ ከሚገኙ በጎ አድራጊዎች ተሰበሰበ፤ በኬንያም የየተማሪው ዘመድና የመንደሩ ሰው እንደ ዐቅሙ አዋጣ። በሚቀጥለው ዓመት ከሄዱት መካከል አንዲቱ፥ በኋላ በእ.ኤ.አ. 2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘችው ዋንጋሪ ማታይ ነበረች። ያን ጊዜም የጎደለው ትምህርት ቤቱ ሳይሆን መንገዱ ነበር።

«ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ገንዘቡ አሁንም እየወጣ ነው። ከደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶች በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ እንዲሻገሩ፥ ወላጆች በሬያቸውን ሸጠው፥ ተበድረውም ለደላላ ይከፍላሉ። ደረሰኝ የለውም፤ ውል የለውም፤ ዋስ የለውም። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በምትባል ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የሞቱ 64 ኢትዮጵያውያን ተገኝተዋል። እነዚህም የሰው ልጆች ናቸው፤ ተስፋ ፍለጋ የወጡ እንጂ ሌላ በደል አልነበረባቸውም። እንግዲህ ለደላላው ያለ ደረሰኝ የሚከፈል ገንዘብ እየተገኘ፥ በሕጋዊ ደብዳቤ ለተጠራች ተማሪ ግን ከጠፋ፥ በገበያችን ላይ የትኛው መንገድ እንደሚታመን ለልጆቻችን እያስተማርን ነው ማለት ነው።

በኅብረት መቆጠብም ለዚህ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። ወላይታ ለጊፋታ በዓል የሚታረደውን በሬ ለመግዛት በቡድን ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማል። ለአንድ ቀን በዓል እንዲህ የሚዘጋጅ ሕዝብ ለአንድ ልጅ የዕድሜ ልክ መንገድ መዘጋጀት አያቅተውም። ከላይ የጠቀስነው የቪዛና የመመዝገቢያ 80,250 ብር ከፓስፖርቱ 5,000 ብር ጋር 85,250 ብር ይሆናል። ይህ ለ60 ባለ ሱቆች ቢከፋፈል ለያንዳንዱ በወር ከ119 ብር አይበልጥም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን አሠራር ለምክር ቤቱ አባሎች እናቀርባለን።

አንደኛ፥ ማንኛውም የጥሪ ደብዳቤ አስቀድሞ ይመርመር። ማረጋገጫው የሚጠየቀው በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ራሱ ለሕዝብ ባወጣው አድራሻ ይሁን። «ገንዘብ ክፈሉኝና ነጻ የትምህርት ዕድል አመጣለሁ» የሚል ሰው ደላላ ነውና ከደጅ ይመለስ።

ሁለተኛ፥ የሚዋጣው ገንዘብ በአንድ ሰው ሱቅ አይቀመጥ። የተለየ የባንክ ሒሳብ ተከፍቶ፥ በአንድ ነጋዴ፥ በትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርና በአንድ የዕድር ሽማግሌ ፊርማ ብቻ ይንቀሳቀስ። የኮሚቴ አባል ዘመድ ጉዳይ ሲቀርብ አባሉ ከስብሰባው ይውጣ።

ሦስተኛ፥ ክፍያው ለሚገባው መሥሪያ ቤት በቀጥታ፥ በሰነድ ይፈጸም። በኤልሲ ዕቃ የምናስመጣ ሰዎች ይህን አሠራር እናውቀዋለን፤ ባንኩ የሚከፍለው ሰነዱ ተሟልቶ ሲቀርብ ነው እንጂ ሻጩ ደግ ሰው ስለ ሆነ አይደለም። የፓስፖርቱ፥ የቪዛውና የቲኬቱ ሒሳብ እንዲሁ ቢከፈል ሰጪውም ልጁም ከሐሜት ይድናሉ።

አራተኛ፥ ልጁና ቤተ ሰቡ ከዐቅማቸው ድርሻ ይኑራቸው። እኛም ከስጦታ አስቀድመን ሥራ እንስጥ። የደብተርና የእስክሪብቶ አከፋፋይ በጳጉሜን ጥቂት ደርዘን ደብተር በጅምላ ዋጋ በዱቤ ቢሰጥ፥ ተማሪው ትምህርት ቤት ሲከፈት ሸጦ ዋናውን ይመልሳል፤ ትርፉ በሒሳቡ ይገባለታል። ላኪውም በክረምት ቡና ሲመዘንና ሲመዘገብ ጽሕፈት ለሚያግዘው ወጣት ተገቢውን ዋጋ ይክፈለው። እንዲህ ያለው ልጅ ባሕር ማዶ ሲሻገር ምጽዋት የተቀበለ ሳይሆን ሠርቶ ያገኘ ሆኖ ይሄዳል።

አምስተኛ፥ በዓመቱ መጨረሻ የገባውና የወጣው ገንዘብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። የተረዱት ልጆች ፎቶግራፍ ግን ለሱቅ ማስታወቂያ አይዋል፤ ድህነታቸውን እያሳየን የምናገኘው ስም ትርፍ አይባልም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣውን ዋና ተቃውሞ እናውቃለን። «የሄደ ላይመለስ ይችላል» ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ የማይመለሱ ይኖራሉ። ነገር ግን በመሐላ ወረቀት አስፈርሞ ልጅን ማሰር ፍርድ ቤት የማያስፈጽመውን ውል መጻፍ ይሆናል። የሚሻለው፥ ሥራ በያዘ ጊዜ የተረዳበትን ገንዘብ ያለ ወለድ ለሚቀጥለው ልጅ እንዲመልስ በክብር ቃሉ መቀበል ነው። ከዐሥር ሦስቱ እንኳ ቢመልሱ መዝገቡ ይቀጥላል። ነጋዴስ ቢሆን ያበደረው ዱቤ ሁሉ ተመልሶለት ያውቃልን?

ደግሞም ጥቅሙ ወደ እኛው ይመለሳል። የአውሮፓ ኅብረት በእ.ኤ.አ. 2023 ባወጣው ሕግ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ በትክክል በካርታ ተለይቶ እንዲታወቅ ጠይቋል። ይህንን የሚሠራ፥ ከገዢው ጋር በቋንቋው የሚከራከር፥ የላቦራቶሪውን ውጤት የሚያነብ ሰው ከየት ይመጣል? ዛሬ የመንገዱን ዋጋ ከምንፈራላቸው ልጆች መካከል አይደለምን?

በመጨረሻም ስለ ጊዜው አንድ ነገር እንጨምር። ከውጭ ትምህርት ቤቶች ብዙው የጥሪ ደብዳቤ የሚደርሰው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው፤ ፓስፖርቱና ቪዛው በሰኔና በሐምሌ ማለቅ አለበት። ደብዳቤው ከመጣ በኋላ መዋጮ መጀመር፥ መርከቡ ወደብ ከደረሰ በኋላ ኤልሲ ለመክፈት ወደ ባንክ እንደ መሮጥ ነው፤ መቀጫው ይቆጠራል፥ ዕቃውም ይታሰራል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አጀንዳ ሆኖ እንዲቀርብ፥ ሒሳቡም ከመስከረም ወር አስቀድሞ እንዲከፈት የገሱባና የሶዶ ነጋዴዎችን በአክብሮት እንጠይቃለን።