«ልጄ ክትባቱን ጨርሷል» ብለው በሩን አይዝጉ



የፖሊዮ ዘመቻ በመጣ ቁጥር ከደሴም ከኮምቦልቻም በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «ዶክተር፣ ልጄ ካርዱን ጨርሷል። አሁን ደግሞ አዲስ ክትባት ብለው ቤት ድረስ መጡ። ምንድነው ነገሩ?»

ጥያቄው ልክ ነው። «ለልጅዎ ይጠቅማል» ብሎ ማለፍ ግን መልስ አይደለም፤ ወላጅ የጎደለውን ከቲክቶክ ይሞላዋል።

የፖሊዮ (የልጅነት ልምሻ) ቫይረስ ሦስት ዓይነት ነው። የተፈጥሮው ዓይነት 2 ከዓለም መጥፋቱ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ተረጋገጠ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ዓይነት 2 ከመደበኛው ጠብታ ወጣ። ስለዚህ ልጅዎ በ45 ቀኑ የወሰደው ጠብታ ለዓይነት 1 እና 3 ብቻ ነው። በ3 ወር ተኩል የሚሰጠው መርፌ ከዓይነት 2 ሽባነትም ይከላከላል፤ ነገር ግን ቫይረሱ አንጀት ውስጥ ተራብቶ በሰገራ ወደ ሌላ ልጅ እንዳይተላለፍ የማድረግ አቅሙ ደካማ ነው።

አሁን ብዙ ባለሙያ የሚሸሸው ነጥብ፦ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን የታየው ዓይነት 2 ወረርሽኝ ምንጩ የድሮው ጠብታ ነው። በጠብታው ያለው የተዳከመ ቫይረስ፣ ያልተከተቡ ልጆች በበዙበት አካባቢ ለረጅም ጊዜ ሲዘዋወር ተለውጦ ጉልበቱን ያገኛል። «ይሄን ለሕዝብ አትንገር፣ ክትባት ይፈራል» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሰው የሚፈራው እኛ ደብቀነው ከሌላ ሲሰማው ነው።

አዲሱ ጠብታ የተሠራው ለዚሁ ነው፤ በቀላሉ እንዳይለወጥ የቫይረሱ ዘረመል ተስተካክሏል። ፍጹም ነው አልልም፣ ከድሮው ግን እጅግ የተረጋጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ለአስቸኳይ ጊዜ ፈቀደው፣ በ2016 ዓ.ም. ሙሉ ዕውቅና ሰጠው። በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን ዶዝ በላይ ተሰጥቷል። «ሙከራ ነው» የሚል ካለ ይህን ያንብብ።

የኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ክትባት ተቋረጠ። ተፈናቃይ ቤተሰቦች አብረውን ይኖራሉ። የጅቡቲ መኪና ኮምቦልቻን ያቋርጣል፤ የደሴ መናኸሪያን ግርግር ታውቁታላችሁ። ቫይረሱ ከያዛቸው ልጆች ሽባ የሚሆኑት በጣም ጥቂቶቹ ናቸው። ሌሎቹ ሳይታወቅባቸው ያስተላልፋሉ፤ ካርዱን የጨረሰው የእርስዎ ልጅም ጭምር። ተጨማሪ ሁለት ጠብታ ቢወስድ ግን አይጎዳውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እግሩ ወይም እጁ በድንገት ከዛለ ወጌሻ ጋ ቀናት አታባክኑ፤ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሁለት የሰገራ ናሙና ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ተወስዶ አዲስ አበባ ላለው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል። ናሙናው መወሰድ ያለበት መዛሉ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ ነው።