ወረፋውና ፓስፖርቱ

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የሊምፖፖ ክፍለ ሀገር የጤና ኃላፊ፣ ቤላ ቤላ በሚገኝ ሆስፒታል ተኝታ የነበረችን ዚምባብዌያዊት በሽተኛ አልጋዋ አጠገብ ቆመው፣ የጤና አገልግሎታችንን የምትጎዱት እናንተ ናችሁ በሚል መንፈስ ሲወቅሷት የሚያሳይ ቪዲዮ ተሠራጨ። የተቆጣ ቢኖርም አጨብጫቢው ብዙ ነበር።

ሰሞኑን ይህንኑ በመኝታ ክፍላችን በስልክ አየነውና ክርክር ተነሳ። አንዳንዶቻችን «እውነታቸውን እኮ ነው፤ ወረፋው ረዥም፣ መድኃኒቱ ጥቂት» አልን። ወረፋውስ እውነት ነው፤ አንክድም። ግን በጀት የሚደለድለው አልጋ ላይ የተኛ ሰው ነው እንዴ? የአገሪቱ ሕገ መንግሥት እንኳ ድንገተኛ ሕክምና ማንም እንዳይከለከል ይደነግጋል። ሆኖም በ2017 ዓ.ም. «ኦፕሬሽን ዱዱላ» የተባለው ቡድን አባላት ክሊኒክ በር ላይ ቆመው መታወቂያ እየጠየቁ የውጭ አገር ሰዎችን መለሱ። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድርጊቱን አገደ። ሳንባ ነቀርሳ እንደሆነ ፓስፖርት አይጠይቅም፤ ሳይታከም የተመለሰው ሰው ከዜጋው ጋር በአንድ ታክሲ ነው የሚሳፈረው።

ከሆሳዕና አካባቢ የመጣነው በዚያ አገር ሱቅ የሚነግድ ወንድም ወይም አጎት አለን። ስለዚህ በመጨረሻ ሁላችንም ተቆጣን። ይህ ቀላል ነበር።

ከዚያ አንዱ ጓዳችን «ጋምቤላ ብንመደብና ክሊኒክ ወረፋ ላይ ደቡብ ሱዳናዊት ስደተኛ ብትቀድመንስ?» ሲል ጠየቀ። የ2011ዱ የስደተኞች አዋጅ ሕክምና እንዲያገኙ ይፈቅዳል፤ አብዛኞቻችን ግን አናውቀውም ነበር። ክፍሉ ጸጥ አለ። «እሱማ ሌላ ነው» አለ አንዱ። እንዴት ሌላ እንደሆነ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ያስረዳን የለም።