ለመሆኑ ሞላው ስንት ዓመቱ ነው?

መንገድ ላይ ሽጉጥ የታጠቀ ፖሊስ ስታዩ ምን ትላላችሁ? እኔ ድሮ ዞር ብዬ ነበር የማልፈው። አሁን ግን ዓይኔ ወገቡ ላይ ይተከልና አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። የዚያች ሽጉጥ ሞላ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረው መቼ ይሆን?

ይህን አመል ያስያዙኝ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ናቸው። እሳቸው እንደሚሉት ሽጉጥም እንደ ሰው ያረጃል፤ የሚያረጀው ግን ከውስጥ ነው።

ማካሮቭን እንውሰድ። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1951 ለሠራዊቷ የተቀበለቻት ይህች ባለ ስምንት ጥይት ሽጉጥ ስሟ ለእኛም አዲስ አይደለም። ስትተኮስ ወደኋላ የሚሸሸውን የላይኛውን ብረት የሚቆልፈው ነገር የለም። የሚገታው የራሱ ክብደትና ቱቦው ላይ የተጠመጠመው ሞላ ብቻ ነው። ሞላው በደከመ ቁጥር ብረት ከብረት በኃይል ይጋጫል። ብረቱን ወደፊት የሚመልሰውም ይኸው ሞላ ስለሆነ ሲደክም ጥይቷ በወጉ ሳትገባ ትነክሳለች። የካዝናው ሞላ ከደከመ ደግሞ ጥይቷ በሰዓቱ ከፍ አትልም። ቀለሁን ጎትታ የምታወጣው ጥፍር ከተሸረፈች ባዶ ቀለህ እዚያው ተወሽቆ ይቀራል። ወንጀለኛው ፊት ለፊት ቆሞ!

ከሁሉ የሚያስፈራኝ መርፌዋ ነው። ማካሮቭ ላይ ጥይቱን የምትመታው መርፌ የሚመልሳት ሞላ የላትም፤ እንደ ልቧ ትንሸራተታለች። ቤቷ ውስጥ ቆሻሻና የረጋ ዘይት ከተጠራቀመ ወደፊት እንደወጣች ልትያዝ ትችላለች። ያኔ ማንም ምላጭ ሳይስብ፣ ገና ጥይት ስትጎርስ ልትባርቅ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው ምን በወጣው?

ይህ የድሃ አገር ችግር ነው የሚል ካለ አሜሪካን ይመልከት። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1985 የጣልያኑን ቤሬታ ሽጉጥ ኤም 9 ብሎ ተቀበለ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1987 እና በ1988 የአንዳንዶቹ የላይኛው ብረት እየተሰበረ ወደኋላ ተፈናጥሮ የተኳሾችን ፊት አቆሰለ። ጥፋቱ የጥይቱ ነው፣ የለም የብረቱ ነው የሚል ጭቅጭቅ ተነሣ። በመጨረሻ ፋብሪካው ብረቱ ቢሰበር እንኳ ተኳሹ ፊት ላይ እንዳይመጣ የሚያደርግ ማሻሻያ ጨመረበት። ለዚያው ሽጉጥ የሚሰጠው ምክር ሞላው በየ5,000 ጥይቱ ይቀየር የሚል ነው። ልብ በሉ፤ በየዓመቱ አይደለም፣ በየጥይቱ ነው። ስንት ተኮሰች ተብሎ ካልተጻፈ 5,000 መሙላቷን ማን ያውቃል? መልአክ ይቆጥራል?

የእኛ ፖሊስ መች ያን ያህል ይተኩሳል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን አንዲት ሽጉጥ ከስንት እጅ ወደ ስንት እጅ ትዞራለች! ከዛሬው ባለቤቷ በፊት ማን ተኮሰባት፣ ስንት ጊዜ? ላብና ዝናብስ ቢሆን መቼ ይምራታል?

እኔ የምጠረጥረው ነገሩ የገንዘብ እጥረት አይደለም። የሞላ ዋጋ ከሽጉጡ ዋጋ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አዲስ መሣሪያ ሲገባ በቴሌቪዥን ይታያል፤ ለሞላ ግዢ ግን ሪባን የሚቆርጥ ሹም አላየንም። ስለዚህ ሞላው የባለሙያው ጣጣ ይሆንና እሱም የደከመውን ጎትቶ አስረዝሞ ይመልሰዋል። ሃምሳ አለቃ ይህን ሲያወሩ ራሳቸውን ይይዛሉ። የተጎተተ ሞላ ለጥቂት ቀን የጠነከረ ይመስላል እንጂ አልዳነም። ለሰልፍ የተወለወለች ሽጉጥም ከላይ ስታብረቀርቅ ውስጧን ማን አየ?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ስለ ፈቃድና ስለ ቁጥጥር ብዙ ይላል። ጥሩ። እኔ የምጠይቀው ግን ከዚያ ያነሰ ነገር ነው። ስንት ሽጉጥ አላችሁ አላልኩም፤ ምስጢር ነው ብትሉኝ እቀበላለሁ። የእያንዳንዷ ሽጉጥ ደብተር አለ ወይስ የለም? ስንት ጥይት እንደተኮሰች፣ ሞላዋ መቼ እንደተቀየረ፣ ማን ፈትቶ እንዳያት ይጻፋል? ለዚህ የሚመለከተው አካል በአንድ መስመር ቢመልስልኝ፣ ለሃምሳ አለቃ ራሴ ወስጄ አነብላቸዋለሁ።