ዶሮዪቱ ወዴት ትጥላለች

የተከበራችሁ አገረ ገዥዎችና የወረዳ ሹማምንት ሆይ፤ የሌማት ትሩፋት የተባለው ሥራ በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስለ ዶሮ እርባታ ሲነገር አስቀድሞ የሚቈጠረው ለባላገሩ የታደለው ዶሮ ነው። ከዚያች ዶሮ ስንት እንቁላል ወደ ቤት ገባ ተብሎ ሲጠየቅ ግን የሚመልስ ሰው ጥቂት ነው፤ በጥሻ የቀረው እንቁላል በመዝገብ አይገባምና።

በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በጉንደ ወይን ዙሪያ፥ እንደ ሌላውም የጎጃም ደጋ፥ ዶሮ ማታ በቤት ውስጥ በቆጥ ታድራለች፤ ማለዳ በሩ ሲከፈት ትለቀቃለች። እንቁላል የምትጥለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከማለዳ እስከ ረፋድ ነው። እንግዲህ በሩ የሚከፈትላት መጣል በምትሻበት ሰዓት ሆነ ማለት ነው። እርስዋም ጨለማና ጸጥታ ያለበትን ስፍራ ትወዳለችና ከጭዱ ክምር ሥር ወይም ከአጥሩ ስርቻ ትገባለች፤ በዚያም ቁራና አይጠመጎጥ ባለቤቲቱን ይቀድሟታል።

የአገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ያህል እንደ ሆነ ይገመታል። ከዚህ 10 ቢጠፋ ከአራት ወይም ከስድስት አንዱ እጅ ጠፋ። ይህም በብዙ ቤት ሴቲቱ ጨውና ሳሙና፥ ለልጅዋም ደብተር የምትገዛበት ገንዘብ ነው።

ከጠፋውም ይልቅ ዘግይቶ የተገኘው ይከፋል። በዐቢይ ጾም እንቁላል ስለማይበላ ሰው ፍለጋውን ይተዋል፤ ፋሲካ ሲቃረብና ዋጋው ሲወደድ ከጥሻው የተለቀመው ሁሉ በአንድ ቅርጫት ለገበያ ይወጣል። ገዢው በውኃ ቢፈትነው አዲሱ ይሰጥማል፥ የቈየው ይንሳፈፋል፤ ስለ ሦስት የተበላሹ እንቁላሎችም ቅርጫቱን በሙሉ ይጠረጥራል።

መድኃኒቱ ብዙ ወጪ የለውም። ሣጥን ለመሥራት ሳንቃ የለኝም የሚል ሰው አፉ የተሰበረ ገንቦ ወይም አሮጌ ቅርጫት አያጣም። ደረቅ ጭድ ይጨመርበት፤ ከቆጡ ዝቅ ብሎ ኩስ በማይወድቅበት ጨለም ባለ ጥግ ይቀመጥ። መጣያው ከቆጡ ከፍ ካለ ዶሮዎቹ ያድሩበታል፥ ያቈሽሹታልም። ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ይበቃል። በውስጡ እንቁላል የሚመስል ነጭ ድንጋይ ይኑር፤ ዶሮ ሌላዋ የጣለችበትን ስፍራ ታምናለችና። ቄብ ከሆነች መጣያው ገና መጣል ሳትጀምር ይዘጋጅላት፤ አንድ ጊዜ ጥሻ የለመደችውን መመለስ አድካሚ ነው።

የለመደችው እንኳ ሁለት ሳምንት ያህል እስከ አራት ሰዓት በቤት ብትቈይ ብዙውን ጊዜ ትመለሳለች። ባላገሩ የሚያጉረመርመው በዚህ ነው፤ በውጭ በነጻ ለቅማ የምትበላዋን እኔ ልቀልባት ነውን ይላል። ነገሩ እውነትነት አለው፤ በቤት ለምትቈይበት ጊዜ እፍኝ እህልና ውኃ ያስፈልጋታል። ነገር ግን ይህ የሁለት ሳምንት ወጪ ነው፤ በጥሻ የሚቀረው እንቁላል ግን በየዓመቱ ነው። እንቁላሉም በየቀኑ ይነሣ፤ ጭዱም በየጊዜው ይለወጥ፥ የዶሮ ቅማል እንዳይገባበትም ጥቂት አመድ ይነስነስ።

ስለዚህ ዶሮ የሚያድሉት ሠራተኞች ለአንዲት ሴት ዶሮ ከመስጠታቸው በፊት መጣያው ተዘጋጅቶ እንዲያዩ፥ ከወር በኋላም ተመልሰው የተሰበሰበውን እንቁላል ቈጥረው እንዲጽፉ ብታዝዙ መልካም ነው። እናንተም ለጉብኝት ወደ አንድ ጓሮ ስትገቡ ዶሮዎቹን ሳትቈጥሩ ባለቤቲቱን ወዴት ነው የሚጥሉት ብላችሁ ጠይቁ።