ካርቶኖቹ ገና አይጣሉ

የእድሜ እኩዮቼ፣ በዚህ በስደት አገር አብረን እድር ያቆምን፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመሸኘት ሌሊቱን ሙሉ ስልክ የደወልን፣ የመዋጮውን መዝገብ በየተራ በእጃችን የጻፍን ሁሉ፣ ይህን የማሳስባችሁ የሰሞኑን ደስታችሁን ለማደፍረስ ብዬ ሳይሆን፣ አንድ ጊዜ በዓይኔ ያየሁት ጥፋት ልብሱን ለውጦ በደጃችን ሲገባ ስላየሁት ነው። አይቼ ዝም ብል ነገ ከእናንተ ጋር በአንድ ወንበር የምቀመጥበት ፊት አይኖረኝም።

ባለፈው ወር ከኮሚቴያችን አባላት የአንዱ ልጅ፣ ጨዋና ብርቱ ልጅ ነው፣ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ የሠራውን አሳየን። ሲ ከሚባለው ዲስክ በታች ዜድ የሚባል ሌላ ዲስክ ተደርድሯል፤ ውስጡ እንደማንኛውም ቢጫ ቢጫ ፎልደሮች፣ በፎልደሮቹ ውስጥ ደግሞ ስካን የተደረጉት መዝገቦቻችን፣ ቃለ ጉባኤዎቻችን፣ የሟቾቻችን ፎቶግራፎችና የፓስፖርታቸው ቅጂ። አንዱን ሁለቴ ጫን ጫን ሲያደርገው ተከፈተ። ይህ ዲስክ እዚህ ቤት እንደሌለ፣ በዓለም ዙሪያ በተበተኑ ኮምፒውተሮች መረብ ላይ እንደሆነ ነገረን። ሊቀመንበራችን ፊታቸው በራ፤ እንግዲያው ጋራዤን የሞሉት ሰባት ካርቶኖች ይጣሉ አሉ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ዘግይቼም ቢሆን።

ልጁ የተጠቀመበት መረብ አይፒኤፍኤስ ይባላል፤ ፕሮቶኮል ላብስ የተባለው ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያወጣው ነው። አንድ ፋይል ሲገባበት ይቆራረጣል፣ ከይዘቱም ተሰልቶ ረጅም አድራሻ ይወጣለታል፤ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አድራሻው ሌላ ይሆናል። መረቡን አልኮንንም። በ2017 ቱርክ ዊኪፔዲያን በዘጋች ጊዜ የቱርክኛው ቅጂ በዚሁ መረብ ላይ ወጥቷል፤ አንድ ባለሥልጣን አንድ በር ዘግቶ ዕውቀትን እንዳያስቀር ለሚታገል ሰው መልካም መሣሪያ ነው። እኔ የምፈራው የዲስክ መልክ መያዙን ነው። ሊኑክስ በ2005 ፊውዝ የተባለውን ዘዴ ከተቀበለ ወዲህ ማንኛውም ሰው በጻፈው ፕሮግራም እውነተኛ ዲስክ መስሎ ለኮምፒውተሩ መልስ መስጠት ቀላል ሆኗል፤ በሌሎቹም ኮምፒውተሮች ተመሳሳይ መንገድ አለ። ፎልደሩን የሚከፍተው ሰው ከጀርባው የብረት ዲስክ ይኑር ወይም ባሕር ማዶ ያለ የማያውቀው ሰው ማሽን ይኑር የሚለይበት ምልክት በፊቱ የለም።

ዲስክ ለእኛ ትውልድ ቃል ኪዳን ነው። ያስቀመጥነው ይቆያል፣ የደመሰስነው ይጠፋል፣ በእኛ ቤት ያለው የእኛ ነው ብለን በዚህ ስንኖር አርጅተናል። ያ መረብ ግን ከሦስቱ አንዱንም ቃል አልገባልንም። ሌላው ኮምፒውተር የእኛን ፋይል የሚይዘው ባለቤቱ ፈልጎ ሲከፍተው ነው፤ ቦታ ሲጠበው ይጥለዋል፤ የሚቆየው አንድ ሰው ይህን አትጣል ብሎ በማሽኑ ላይ ያሰረው ብቻ ነው፣ ልጆቹ ፒን ማድረግ የሚሉት። የእኛን ማን አስሮታል ብዬ ልጁን ለብቻው ጠየቅሁት። በመኝታ ቤቱ ካለው አሮጌ ኮምፒውተር በቀር ማንም የለም። ልጁ በመስከረም ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ያ ማሽን የጠፋ ቀን ዜድ የሚለው ፊደል እንዳለ ይቆማል፣ የፎልደሮቹ ስም ምናልባት እንዳለ ይታያል፣ ስንከፍተው ግን ክቧ ምልክት ትዞራለች፣ ትዞራለች። በ2000 የወጣው ፍሪኔት የተባለው ታላቁ መረብማ ሲፈጠርም ጠያቂ ያጣውን ቀስ በቀስ እንዲረሳ ተደርጎ ነው። እስቲ አስቡት፦ የእድር መዝገብ የሚከፈተው በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ፣ የአንድ ሰው ልጅ አባቴ መቼ አባል ሆነ ብሎ ሲጠይቅ ነው። እኛ የምናስቀምጠው ነገር ሁሉ ጠያቂው ጥቂት የሆነ ነው።

መጥፋቱ ብቻ ቢሆን እንኳ እንዳለ እንችለው ነበር፤ አለመጥፋቱም አለ። በፎልደሩ ውስጥ የጨመርነው ወረቀት ካልተመሰጠረ አድራሻው የደረሰው ሁሉ ይከፍተዋል፤ አንዴ ሌላ ሰው ከወሰደው ደግሞ እኛ ከዜድ ላይ ብንደመስሰው የምንደመስሰው የራሳችንን መንገድ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። ካዛ የተባለው ፋይል መጋሪያ በገነነበት ዘመን ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ትንሽ የግብር ማስሊያ ቢሮ እሠራ ነበር። የአለቃዬ ልጅ ዘፈን ሊያወርድበት ጭኖታል፣ የሚጋራውም ፎልደር የደንበኞቹ ሰነድ የሚቀመጥበት ሆኖ ቀርቷል፤ ፎልደር ፎልደር ነው፣ ማን ይለየው። አንድ ቅዳሜ ማታ መስኮቱን ልዘጋ ስል ወደ ሌሎች የሚሄዱት ፋይሎች ከሚዘረዘሩበት ቦታ ላይ የማውቃቸው እናት ስም ከነዓመቱ ግብር አየሁ። 61 በመቶ ይላል። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ለእናቲቱ ነግሬያቸው ይሆን? አልነገርኳቸውም፤ ፈራሁ፣ ከዚያም ዘገየ፣ ከዚያም አረፉ። ጥፋቱ የእኛ ቢሮ ብቻ እንዳልነበረ ያወቅሁት በኋላ ነው፦ ናታንየል ጉድና አሮን ክሬክልበርግ በ2003 ባሳተሙት ጥናት ካዛን ከሞከሩት 12 ሰዎች መካከል የትኛው ፋይላቸው ለሌላ ክፍት እንደሆነ በትክክል የለዩት 2 ብቻ ነበሩ።

አዋቂዎቹም ቀድመው ተናግረው ነበር። በ1994 የሰን ማይክሮሲስተምስ ተመራማሪዎች ሩቅ ያለውን ነገር ቅርብ እንዳለ አስመስሎ ማቅረብ መዘዝ እንዳለው ጽፈዋል፤ ምሳሌ ያደረጉትም የዚያው ኩባንያ ሥራ የሆነውን ኤንኤፍኤስን ነው፣ የሩቅ ዲስክን በእጅ እንዳለ አድርጎ የሚያሳየውን። በዚያ ዘመን በኮምፒውተር ክፍል የሠራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሰርቨሩ ሲወድቅ አዳራሹ ሙሉ ማሽን ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ እኛም ቁልፉን ደጋግመን እየመታን ጥፋቱን በራሳችን እንፈልጋለን። ያኔ ግን ሰርቨሩ የማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር፤ ኮሪደሩን ተሻግረን የምንጮህበት ሰው ነበረን።

አሁንም አልመሸም። ልጁን አታሳዝኑት፣ ሥራውን አትናቁበት፤ ዜድን ለማሳያ፣ በሌላ ከተማ ያሉ አባላት ፎቶ እንዲያዩበት እንዲያቆየው ንገሩት። ፓስፖርቶቹን ዛሬውኑ ያውጣ፤ እስካሁን ማንም ያልከፈታቸው ከሆነ ጊዜ አለን። ቅጂው በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፣ አንዱ ከሊቀመንበሩ አንዱ ከሒሳብ ሹሙ ዘንድ፤ የያዘውም ሰው ስም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

ስብሰባው የሚመጣው ወር የመጀመሪያው እሁድ ነው። ትናንት ሊቀመንበሩን አስፈቅጄ ጋራዡን ከፈትኩ። የታችኛው ካርቶን ጥጉ ርሷል፤ የመጀመሪያው መዝገብ፣ ሰማያዊ ልባስ ያለው፣ የሟቹ ጸሐፊያችን የእጅ ጽሑፍ ያለበት፣ እዚያው ውስጥ ነው። ሰባቱንም አንስቼ በጣውላ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። ቁልፉ እስከ እሁድ እኔ ጋ ነው።