የካንሰር ውጤት ለማን ይነገር?

ሙግቱን የገጠሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ደሴ ውስጥ ካንሰር ታማሚዎችን የምትረዳ ነርስ፣ ሌላው ኮምቦልቻ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር፤ እሳቸውም በቤተሰባቸው አስታማሚ ሆነው አይተውታል።

ለታማሚዋ ለራሷ (ከደሴ)

አስታማሚው ከእናቱ ጀርባ ይቆምና ሐኪሙን በዓይኑ ይጠቅሳል። ሐኪሙም ይገባዋል። ለእናትየው “ትንሽ ቁስለት አለ፣ መድኃኒት እንጀምራለን” ይባላል፤ ልጅየው ኮሪደር ላይ ይጠራና እውነቱ ይነገረዋል። የስምምነት ቅጹ ላይ የሚፈርመውም እሱው ነው። እንዲህ ያለውን በሥራዬ ስንቴ እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ልጁ ክፉ ነው አልልም፤ እናቱን ስለሚወድ ነው። ግን መርፌው የሚገባው በእሷ ክንድ ነው። ማቅለሽለሹም፣ የጸጉሩ መርገፍም የእሷ ነው። ለቁስለት ኬሞቴራፒ የሚሰጥበት አገር የለም፤ ጸጉሯ ትራስ ላይ ሲቀር ምን ልንላት ነው? ደግሞም ምስጢሩ አይቆይም። ጎን ለጎን ተቀምጠው መድኃኒቱ ጠብ ጠብ ሲልላቸው፣ የወዲያኛዋ “አንቺም የጡት ነው እንዴ?” ትላታለች። ሐኪሙ ያልደፈረውን አንዲት የተሁለደሬ ገበሬ በአንድ ጥያቄ ትጨርሰዋለች። ያች እናት ከዚያ በኋላ እኛንም ልጇንም አታምንም።

በኤች አይ ቪ ጊዜ ምን አደረግን? ነጻው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከመምጣቱ በፊት ውጤቱን መስማት ከሞት ፍርድ የሚለይ አልነበረም። ሆኖም በር ተዘግቶ፣ ምክር ተሰጥቶ፣ ለተመርማሪው ብቻ ነበር የሚነገረው። ወንድሙ ይስማለት ያለ ሰው አልነበረም። ያንን መቋቋም የቻለ ሕዝብ የማሕፀን በር ካንሰርን መስማት ያቅተዋል? ያውም ቶሎ ከተደረሰበት መዳን የሚቻልበትን?

ሕጉም ከእኔ ጋር ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 ባለሙያው ሕክምና ከመስጠቱ በፊት የታካሚውን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። በሽታውን የማታውቅ ሴት ምኑን ፈቀደች ይባላል?

በእኛ ከተማ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አለን። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሕዝቡ እግሩ ወዳመራው ነጎደ፤ ሪፈራል ሆስፒታሉም ተዘረፈ። ካርድ ጥሎ የሸሸ፣ ከልጁ ጋር የተጠፋፋ፣ የበሽታውን ስም የማያውቅ ሰው ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ላይ ላገኘው ሐኪም ምን ብሎ ይንገረው? “ቁስለት ነው ብለውኛል” ይበለው?

መጀመሪያ ለቤተሰብ (ከኮምቦልቻ)

እህቴ ስለ ጸጉሩ የጻፈችው እውነት ነው፤ “ቁስለት ነው” የሚለው ውሸት ሩቅ አይሄድም። እኔ የምከራከረው ይዋሽ ብዬ አይደለም፤ ቀድሞ ማን ይስማ፣ ማንስ ይንገር በሚለው ላይ ነው።

ወሎ ውስጥ ሰው ብቻውን አይታመምም። ከኮምቦልቻ የሚነሳ ታማሚ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ይደርሳል፤ ጨረር ካስፈለገው ብዙ ጊዜ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ደጅ ይጠናል። ወረፋው እስኪደርስ የአልጋ ኪራይ፣ ምግብ፣ ከውጭ ግዙ የሚባል መድኃኒት አለ። ይህንን የሚችለው ማን ነው? በሬውን የሚሸጠው ልጅ ነው፤ ሳውዲ በሰው ቤት የምትሠራው እህት ናት። ወጪውን የሚሸከም፣ ሌሊቱን ወለል ላይ ተኝቶ የሚያድር ሰው “አንተን አይመለከትህም፣ ውጣ” ይባል?

አባወራው በመጀመሪያው ቀን ስሙን ከሰማ ምን እንደሚል ደግሞ እናውቃለን። “ለእኔ ብላችሁ በሬውን እንዳትሸጡ፣ ልጆቹ ይብሉበት፤ እኔን ቤቴ መልሱኝ።” እኔም ብሆን የምለው ይህንኑ ነው። ልጆቹ የሚደብቁት ፍርሃቱን ብቻ ብለው አይደለም፤ ሕክምናውን እንዳይተው፣ እንዲድን ስለሚፈልጉ ነው። ሁለት ሦስት ዙር መድኃኒት ወስዶ ሻል ሲለው፣ የሚያከብረው ሰው ተመርጦ፣ ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ቡና ተፈልቶ ይነገረው። እኛ መርዶ እንኳን ዝም ብለን አንናገርም፤ ጎረቤት አሰባስበን፣ ጎህ ሲቀድ ነው።

ይህ የእኔ የሽማግሌ ወግ ብቻ አይምሰላችሁ። አንትሮፖሎጂስቷ የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ስላሉ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ባሳተሙት ጥናት፣ ክፉ ዜና በወገናችን ዘንድ አስቀድሞ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ እንደሚነገር፣ ማታም እንደማይነገር ለአሜሪካ ሐኪሞች አስረድተዋል። ሐኪሞቹ እንደ አገራቸው ደንብ በቀጥታ ሲናገሩ ታማሚውም ቤተሰቡም ይጎዱ ነበር።

ደግሞስ የሚናገረውን ሐኪም አይታችሁታል? ኮሪደሩ በሰው ተሞልቶ፣ በሩ በየደቂቃው እየተከፈተ፣ በአንድ ክፍል ሁለት ሐኪም ሁለት ታማሚ እያየ ነው። “ካንሰር ነው፣ ሰኞ ተመለሽ” ብሎ ቀጣዩን ይጠራል። እህቴ የምታወድሰው የኤች አይ ቪ ምክር የሠለጠነ መካሪና የሚዘጋ በር ነበረው። መጀመሪያ በሩ ይዘጋ፣ መብቱ ከዚያ ይመጣል።

መልስ (ከደሴ)

ጋሼ፣ በበሩ ጉዳይ ተሸንፌያለሁ። መካሪ የለንም፤ ጊዜውም የለንም። የቀረውን ግን አልቀበልዎትም።

ባህላችን ነው ላሉት፣ አሜሪካኖቹም ከእኛ የተለዩ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1961 በተሠራ ጥናት እዚያ ከ10 ሐኪሞች 9ኙ ያህል ለካንሰር ታማሚ እውነቱን ላለመንገር ይመርጡ ነበር። በ1979 ጥያቄው ሲደገም 97 በመቶው እንነግራለን አሉ። 18 ዓመት ብቻ ነው የፈጀባቸው። ሕክምናው ተሻሽሎ ተስፋ ሲመጣ፣ ታማሚውም መብቴ ሲል፣ አፋቸው ተፈታ።

በሬው የማን ነው፣ ጋሼ? እሱ ያረሰበት፣ እሱ ያሳደገው በሬ ነው። ይሸጥ አይሸጥ ማለት የእሱ ድርሻ አይደለም?

ከሁሉ በላይ ደግሞ የእምነት ሰዎች ነን። ሙስሊሙ ዕዳውን ሳይከፍል፣ ወሲያውን ሳይናገር፣ ከጎረቤቱ አውፍ ሳይባባል፤ ክርስቲያኑ የንስሐ አባቱን ሳያስጠራ፣ ሳይቆርብ፣ “ቁስለት ነው፣ ይሻልሃል” እያልነው ቢሄድ ማን ይጠየቅበታል? ሻል ሲለው እንነግረዋለን አሉ። ሻል የማይለውስ?

እንዲህ ይደረግ፦ ናሙና ከመወሰዱ በፊት አስታማሚው ውጭ ይቆይና ታማሚዋ ትጠየቅ። “ውጤቱ ሲመጣ ለእርስዎ እንንገር ወይስ የሚነገርለት ሰው አለ?”

መልስ (ከኮምቦልቻ)

የወሲያው ነገር ከብዶኛል፤ የምመልስልሽ የለኝም። ሻል የማይለው ሰው ቶሎ ይነገረው፣ እሺ።

ጥያቄሽ ግን ቦታውን ስቷል። መርፌ ሊገባባት የተዘጋጀችን ሴት ልጇን አስወጥተሽ “ለማን እንንገር?” ካልሻት ግማሹን ነግረሻታል፤ ውጤቱ ደህና ቢሆንም እስኪመጣ ድረስ እንቅልፍ አይወስዳትም። ካርድ ሲወጣ ይጠየቅ። ለጉንፋን የመጣውም፣ ለደም ግፊት የመጣውም እኩል ይጠየቅ፣ ስሙና ቀበሌው ከተጻፈበት ሥር ይመዝገብ፤ ያኔ ማንም አይደነግጥም። ሐሳቧን ብትለውጥ መሠረዝ ይቻላል።

እናቲቱ “ለልጄ ንገሩት” ብላ ከሆነ ደግሞ ነርሷ እየተመላለሰች ቃሏን እንዳታስቀይራት።