ለለምለም አገር የደረቅ አገር ዕቅድ

ጅማ ላይ ስለ አደጋ ዝግጅት የሚያወራ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ፈገግታ ነው። ዝናቡ ሳይለመን ይዘንባል፣ ቡናው ያፈራል፣ ጎደሬው ከጓሮ አይጠፋም። «እኛ ጋ ምን አደጋ አለ?» ይባልና ጣት ወደ ቦረና ወይም ወደ ዋግ ይቀሰራል። ባለሱቅ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ክፋቱ ይኸው አስተያየት ቢሮ ገብቶ፣ ማኅተም ተመትቶበት ዕቅድ የሆነ ዕለት ነው።

አስተያየቱ ከየት እንደመጣ አይጠፋንም። አገራችን አደጋን የሚመለከት መሥሪያ ቤት ያቋቋመችው በወሎ ረሃብ ማግስት፣ በ1966 ዓ.ም. ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንን የወለደው ረሃብ ነበርና ሥራውም እህል ማድረስ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ስንት ጊዜ ተለዋወጠ፤ አደጋ መከላከልና ዝግጁነት ተባለ፣ አሁን ደግሞ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ነው። በ2005 ዓ.ም. የጸደቀው ብሔራዊ ፖሊሲ አደጋ ከደረሰ በኋላ ከመሯሯጥ ስጋቱን አስቀድሞ ማወቅና መቀነስ ይሻላል፣ ሥራውም ከወረዳ ይጀምር ይላል። ፖሊሲውን ያነበበ ሰው ብዙ የሚነቅፈው አያገኝም። ቅጹ፣ በጀቱና የባለሙያው ዓይን ግን ዛሬም አጥርተው የሚያውቁት ድርቅን ነው፤ የተረጂ ቁጥር፣ የእህል ኩንታል፣ የብርድ ልብስ ብዛት። ተረጂ የሌለው ወረዳ ስጋት የሌለው ወረዳ ተደርጎ ይታለፋል። ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት፣ ከሰቃ እስከ ሸቤ ያለው የቡና አገር በዚህ ሚዛን ሲለካ ደህና ነው፤ ማንም አይጨነቅለትም።

እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። የጅማ አደጋ የሚመጣው ከዚያው ከሚያኮራት ልምላሜ ነው፤ ቡናውን የሚያበቅለው ውሃ ቤት ያፈርሳል፣ ወባ ያራባል፣ ተዳፋቱን ይንዳል። ለዚህ አገር የተጻፈ ዕቅድ መነሻው ውሃ መሆን ነበረበት።

አዌቱን እንይ። ወንዙ ከተማዋን መሃል ለመሃል ያቋርጣል፤ በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማቱ ዳርቻው ተውቧል፣ አመሻሹ ላይ ሰው ይንሸራሸርበታል። ይበል የሚያሰኝ ነው። ጎርፍ ግን የሚጀምረው ከመናፈሻው አይደለም። ኮረብታው ላይ ቆርቆሮ ጣሪያው ሲበዛ፣ ግቢው ሁሉ በሲሚንቶ ሲለሰን፣ ድሮ መሬት ይጠጣው የነበረ ዝናብ በአንድ ጊዜ ቁልቁል ይወርዳል። ወዴት ይሂድ? የጥንቱ መልስ ቦዬ ነበር። በከተማዋ ዳር ያለው፣ ጉማሬ የሚታይበት ረግረግ ክረምት የመጣውን ውሃ ተቀብሎ ያሳድራል፣ ቀስ እያለም ይለቃል። ዛሬ ዳር ዳሩ ለጡብ ጭቃ ይቆፈራል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል፣ ከብት ይሰማራበታል። ጡብ የሚያቃጥለውን ወጣት አልከስም፤ እንጀራው ነው። የምከሰው ረግረግን «ያልለማ መሬት» ብሎ የሚመዘግበውን ፕላን ነው። የከተማ ፕላን የሚሠራው ባለሙያ መንገድና ቦታ ይሸነሽናል፤ የአደጋው ባለሙያ ብርድ ልብስ ይቆጥራል፤ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው «ይህ ቦዬ ቢደፈን ውሃው የማን ቤት ይገባል?» አይባባሉም። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን የሠሩት ጂሬን ኮረብታ ላይ ነበር፤ ከ1928 በኋላ የገባው ጣሊያን ነው ከተማውን ከታች ሜዳው ላይ ያሰፋው። የንጉሡ ምክንያት ጎርፍ እንደነበር አላውጅም፤ እግራቸው ግን ደረቅ ነበር።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን የቀን መቁጠሪያው ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ ሒሳብ የሚዘጋበት ወር ነው፤ ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ሲያጣራ፣ ግዢ ሲቆም፣ ኃላፊው የዓመቱን ሪፖርት ሲያቀርብ ያልቃል። ሐምሌ ዕቅድ የማስተዋወቂያ ወር ነው። በጀቱ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞንና ወረዳ ወርዶ፣ የወረዳው ምክር ቤት አጽድቆት እጅ እስኪገባ ክረምቱ ወገቡ ላይ ደርሷል፤ አንዳንዴም አልቋል። ስለዚህ «የጎርፍ መውረጃ ቦዮችን መጥረግ» የሚለው ተግባር የሚሠራው ጎርፉ ራሱ ቦዩን ከጠረገው፣ ወይም ከደፈነው በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ድርቅ ለዚህ አቆጣጠር ይመቻል፤ በወራት ነው የሚመጣው፣ ጥናት ይጠብቃል፣ የእርዳታ ጥሪ ይጠብቃል። ውሃ አይጠብቅም። የድሬዳዋውን የደቻቱን ጎርፍ አስታውሱ፤ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ነበር፣ ከ200 በላይ ሰው በተኛበት ወሰደ። በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ የኦሞ ወንዝ ዳሰነች ላይ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው ጨረሰ። የጎፋው ናዳ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ሦስቱም የደረሱት በጀት ዓመቱ በተከፈተ በስድስት ሳምንት ውስጥ ነው። ይህን ከድሬዳዋ ወዲህ እያወቅን የዝግጁነት ሥራ ዛሬም በሩብ ዓመት እየተከፋፈለ ይታቀዳል።

ጎፋ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለጅማ ቅርብ ትምህርት ነውና። በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ቀበሌ ተዳፋቱ መጀመሪያ ተናደና ጥቂት ቤተሰብ ቀበረ። ጎረቤት፣ የቀበሌ ሰው፣ ፖሊስ ሳይቀር አካፋና ዶማ ይዞ ሊያወጣቸው ተሰበሰበ። ሁለተኛው ናዳ የመጣው እነሱ ላይ ነው። ከ220 በላይ ከሞቱት ብዙዎቹ ለማዳን የመጡ ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ያጡት ጀግንነት ወይም ወገን ወዳድነት አልነበረም፤ ሁለቱም ሞልቶ ተርፏቸዋል። የጎደላቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የተናደ ተዳፋት ዝናቡ ሳያባራ ዳግም ሊናድ ስለሚችል ከሥሩ አትሰብሰቡ፣ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ይጠብቅ። ይህን ለማስተማር ዶላር አያስፈልግም። በእኛው በጅማ በኩል የግልገል ጊቤ ተፋሰስ ናዳዎች ደግሞ ተጠንተው የት የት እንዳሉ በካርታ ተመልክተዋል። ታዲያ በዴዶ ወረዳ ተዳፋት ላይ ቤት የሠራ ገበሬ ያንን ካርታ አይቶ ያውቃል? የቀበሌው ሊቀ መንበርስ?

በአገራችን የወረዳ ዕቅድ ያየ ሰው ሠንጠረዡን አይስተውም። ተራ ቁጥር፣ ዝርዝር ተግባር፣ ፈጻሚ አካል፣ የሚከናወንበት ጊዜ፣ በጀት፣ ምርመራ። «ፈጻሚ አካል» በሚለው ሥር «ባለድርሻ አካላት» ይላል። «የሚከናወንበት ጊዜ» በሚለው ሥር «ዓመቱን ሙሉ»። «ምርመራ» ባዶ ነው። የሰው ስም የለም፣ ስልክ የለም፣ የወንዝ ስም እንኳ የለም። ሽፋኑን ቀይራችሁ ለአፋር ብትልኩት የሚያስታውቅበት ነገር የለም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የአጋሮ ገበያ እሳት ቢነሳ የውሃ ቦቴ ያለው ማነው? የመብራት መስመሩን የሚያቋርጠው ሠራተኛ የት ያድራል? ጆንያ ጢም ብሎ የተከማቸበት የቡና መጋዘን ቁልፉ ማን እጅ ነው? እነዚህን የማይመልስ ሰነድ መቶ ገጽ ቢሆን ለእሳቱ ማቀጣጠያ ብቻ ነው።

የቡና አገር የራሱ የአደጋ ወቅት ያለው መሆኑን ደግሞ ማንም አላሰበበትም። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወባ የሚያይልበት ጊዜ ነው። ያው ጊዜ የቡና ለቀማ ነው። ለቃሚው ከደጋው ቀበሌ፣ ወባ ከማያውቅበት፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ማደሪያው ዳስ ወይም የመጋዘን በረንዳ ነው። አጎበር የሚታደለው በነዋሪ መዝገብ ነውና እሱ አይደርሰውም። በሽታው ሲጥለው የተመዘገበበት ቀበሌ ሌላ፣ የታመመበት ቀበሌ ሌላ። በአውሮፓውያኑ 2024 ከጃንዋሪ መግቢያ እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሟቾች እንደተመዘገቡ የዓለም ጤና ድርጅት ገልጾ ነበር። ይህ ቁጥር በጎርፍ ቢሆን ኖሮ ባንዲራ ዝቅ ይል ነበር። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ግድብ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት ከሐይቁ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖሩ ልጆች ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚኖሩት ይበልጥ በወባ እንደሚያዙ አሳይተዋል። ጥናቱ የታተመው በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ዩኒቨርሲቲው ከዞኑ ጽሕፈት ቤቶች በባጃጅ የሚደረስበት ቦታ ነው፤ ዕውቀቱ ግን ከዚያ ግቢ ወጥቶ ቅጽ ውስጥ ለመግባት ውጭ አገር መጽሔት ከመታተም ይልቅ ከብዶታል።

በዚያው ወቅት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎቹም ሥራ ላይ ናቸው። እሸት ቡና ተፈልፍሎ ገለፈቱና የታጠበበት ውሃ ወንዝ የሚለቀቀው ወንዙ እየቀጠነ ባለበት ወራት ነው። የሚሸተው ጥቁር ውሃ ከታች ያለው ሰው የሚጠጣው፣ ከብቱን የሚያጠጣበት ነው። ይህን እንደ አደጋ የቆጠረ የወረዳ ዕቅድ ካለ እሰየው፤ ልማዱ ግን ጉዳዩን ለአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ትቶ ማለፍ ነው።

ሰው ሠራሽ የሆነው አደጋም እንዲሁ ነው። የካቲት 2003 ዓ.ም. በአሰንዳቦና አካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው ብዙ ሰው ሲፈናቀል ነገሩ የጸጥታ ጉዳይ ተብሎ ወደ ሌላ ቢሮ ተሻገረ። ወሬ እንዴት እንደሚዛመት፣ የትኛው ሼህና የትኛው ሽማግሌ በስንት ደቂቃ እንደሚገናኙ፣ የሚሸሽ ቤተሰብ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ መጻፍ የፖሊስ ምስጢር አይደለም።

«በጀት የለም» የሚባለውን አውቃለሁ። እውነትም ነው። ግን ጅማ ራሷ የምትመሰክረው ሌላ ታሪክ አለ። በአውሮፓውያኑ 1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገር ገባ፤ ፍሬው በቅርንጫፉ ላይ እንዳለ እየጠቆረ ይረግፍ ጀመር። ጊዜው የከፋ ነበር፤ ረሃብ ነው፣ ዙፋን ሲወድቅ ነው፣ አብዮት ነው። የጅማው የመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች፣ የውጭ ባለሙያም እጅ ነበረበት፣ በሽታው በከፋበት ጫካና ማሳ ገብተው ጎረቤቱ ሁሉ ሲያልቅ ያልተነካውን ግንድ አንድ በአንድ ፈለጉ። ዘሩን ወስደው ፈተኑ፣ አሥር ዓመት ሳይሞላ ለገበሬው አደረሱ። 74110፣ 74112፣ 74165 የሚባሉት ቡናዎች ያ ሥራ ናቸው፤ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። ዛሬም ጎማ ወረዳ ላይ ገበሬው ችግኙን በቁጥሩ ይጠራዋል። ያኔ የሠሩት የሌላ አገር ቅጽ አምጥተው መሙላት አልነበረም፤ አደጋው ያለበት ማሳ ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ዘመኑ ከእኛ ዘመን ሀብታም አልነበረም።

የሚያስፈልገው የሰው ኃይልም አለ። እድሩ ማን የት እንደሚኖር፣ የትኛዋ አሮጊት ብቻዋን እንደምታድር ከቀበሌው መዝገብ አብልጦ ያውቃል። የጅማ ገበሬ በዳዶ፣ ጉልበት በመተጋገዝ፣ ተሰብስቦ ማሳ ያርማል፤ በዚያው ልማድ ግንቦት ላይ ቦይ መጥረግ አያቅተውም፣ የጠራው ካለ። ኦሮሚያ በቅርብ ዓመታት ቡሳ ጎኖፋን፣ የተጎዳ ወገንን የመደጎሚያውን የገዳ ሥርዓት፣ ወደ መዋቅር አምጥታለች፤ ሐሳቡ ደግ ነው። አሁን በያዘው መንገድ ግን እህልና ከብት ማሰባሰብ ላይ ብቻ ከቆመ ያው የ1966ቱ ኮሚሽን በኦሮምኛ ስም ነው የሚሆነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። የዝግጁነት ገንዘብ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከሰኔ 30 መዝጊያ ውጭ ሆኖ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ሳይቆለፍ ይቆይ። ቦዬና የአዌቱ ዳርቻ በከተማው ፕላን ላይ የማይሸነሸን የውሃ ቦታ ተብለው በመስመር ይከለሉ። እያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ገጽ ይጻፍ፤ የወንዙ ስም፣ የሚያሰጋው ተዳፋት፣ የባለ መኪናውና የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ስልክ፣ የትምህርት ቤቱ ቁልፍ ያዥ፣ በለቀማ ወቅት የሚመጣው እንግዳ የሚያድርበት ቦታ። ይህ ገጽ ግንቦት ላይ በየእድሩ ቤት በር ተለጥፎ ካልታየ፣ የወረዳ ምክር ቤቶች ሐምሌ ላይ የሚመጣላቸውን ባለ መቶ ገጽ ሰነድ ሳያጸድቁ ይመልሱት።